የራስ ኤል ባር የባሕር ዳርቻና የዓባይ አሸዋ

በሐምሌና በነሐሴ ወር በጎጃም ወይም በጎንደር ደጋ ተጉዘው እንደ ሆነ፥ ወንዙ ሁሉ እንደ አተላ ደፍርሶ፥ የማሳውን አፈር ተሸክሞ ወደ ቆላ ሲወርድ ሳይመለከቱ አልቀሩም። ይህ አፈር ከየት እንደ ተነሣ ማንም ያውቀዋል፤ የት እንደሚያርፍ ግን ለመጠየቅ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን መንገዱን ተከትለን እስከ መጨረሻው ለመድረስ አስበናል። መጨረሻውም፥ የሚያስደንቅ ቢመስል ቅሉ፥ ሰዎች ለመዋኘትና ለማረፍ የሚሰበሰቡበት የባሕር ዳርቻ ነው።

ዓባይ ከካይሮ በታች በሁለት ይከፈላል። የምዕራቡ ቅርንጫፍ በረሺድ፥ የምሥራቁም በድምያጥ በኩል ወደ ሜዲቴራንያን ባሕር ይገባል። በድምያጡ አፍ፥ በወንዙና በባሕሩ መካከል፥ ራስ ኤል ባር የምትባል የመዝናኛ ከተማ አለች። ስሟ በዐረብኛ «የየብስ ራስ» ማለት ነው። ምድሯ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ሦስት ማዕዘን ሲሆን፥ ጫፉን የአገሩ ሰዎች «ምላስ» ይሉታል። በዚያ ላይ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ የቆመ ሰው፥ በቀኙ ወንዙን፥ በግራው ባሕሩን ያያል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደዚህ ይመጡ የነበሩት ግብፃውያን የሚያርፉት ከሸምበቆና ከሰሌን በተሠሩ ዳሶች ነበር። ዳሶቹ የሙቀቱ ወራት ሲገባ ይተከሉ፥ ሲያልፍም ይነቀሉ ነበር። የባሕርን ዳርቻ ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ይህ አሠራር የብልሃት እንጂ የድህነት ምልክት አይደለም፤ ዳርቻው ፈቀቅ ያለ እንደ ሆነ ዳሱም አብሮት ፈቀቅ ሊል ይችላልና። በኋላ ግን ዳሱ በግንብ ቤት ተተካ። ግንብ ደግሞ አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ ከቦታው አይነሣም።

ታዲያ ዳርቻው ስለ ምን ይንቀሳቀሳል? አሸዋማ የባሕር ዳርቻ እንደ ዐለት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። እንደ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ገቢና ወጪ አለው። ገቢው ወንዝ የሚያመጣው አሸዋ ሲሆን፥ ወጪው ደግሞ ማዕበል የሚወስደው ነው። በዚያ ባሕር የእኛ በጋ በሆነው ወራት ከሰሜን ምዕራብ ብርቱ ማዕበል ይመጣል፤ ይህም የዴልታውን አሸዋ እየገፋ ይልቁንም ወደ ምሥራቅ ይነዳዋል። ገቢው ከወጪው የበለጠ እንደ ሆነ የብሱ ወደ ባሕር ያድጋል፤ ያነሰ እንደ ሆነ ግን ባሕሩ ወደ የብስ ይገባል።

ለብዙ ሺህ ዓመታት ገቢው ይመጣ የነበረው ከኢትዮጵያ ተራራዎች ነው። ነጭ ዓባይ በደቡብ ሱዳን ረግረግ ሲያልፍ ደለሉን በዚያ ስለሚጥል፥ ወደ ግብፅ ይደርስ ከነበረው ደለል ከዐሥር እጅ ከዘጠኙ በላይ የሚሆነውን ያመጡት የእኛ ዓባይና የተከዜ ውኃ የሚገባበት አትባራ ናቸው። ልኩም በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፥ የግብፅን ጥቁር አፈር ተመልክቶ ወንዙ ከኢትዮጵያ ያመጣው ነው ሲል ጽፏል። የዛሬ ሊቃውንትም የዴልታውን አሸዋ መርምረው፥ ከኢትዮጵያ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈረፈረ ማዕድን አግኝተውበታል። እንግዲህ በራስ ኤል ባር ዳርቻ ላይ ጋደም ያለ ሰው፥ ሳያውቀው፥ ከእኛ ተራራ በወረደ አሸዋ ላይ ተኝቷል ማለት ነው።

ይህ ገቢ እንዴት እንደ ቆመ ደግሞ እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 በአስዋን የመጀመሪያው ግድብ በተሠራ ጊዜ፥ መሐንዲሶቹ በጎርፉ ወራት መዝጊያዎቹን ከፍተው ደፍራሹን ውኃ ያሳልፉት ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ መቶ ዓመት መባቻ ጀምሮ የዴልታው ጫፎች ማፈግፈግ ጀምረው ነበር። በ1964 ጎርፉን ማቆር የጀመረውና በ1970 የተፈጸመው ታላቁ የአስዋን ግድብ ግን ደለሉን ፈጽሞ አስቀረው። ግድቡ ለግብፅ የኤሌክትሪክ ኀይልና ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ውኃ ስለ ሰጠ ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ገቢው ሲቆም ባሕሩ ወጪውን አላቆመም እንጂ! በረሺድ አፍ በአንዳንድ ዓመት ባሕሩ 100 ሜትር ያህል የብስ ወስዷል።

ራስ ኤል ባርን ለማዳን መጀመሪያ በ1940ዎቹ ወደ ባሕር የተዘረጋ የድንጋይ ግንብ ተሠራ። በ1990ዎቹም ከዳርቻው ራቅ ብለው፥ ከእርሱ ጋር ትይዩ የሆኑ የድንጋይ ክምሮች በውኃው ውስጥ ተደረደሩ። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ ማዕበሉ ከክምሩ ጋር ተላትሞ ኀይሉ ይደክማል፤ ከክምሩ በስተኋላ ያለው ውኃ ጸጥ ሲል የተሸከመውን አሸዋ ይጥላል። በዚህም ምክንያት ዳርቻው ቀጥ ያለ መሆኑ ቀርቶ እንደ ማጭድ የጎበጡ ትናንሽ ወሽመጦች ይሆናል።

ይህ ዘዴ ከተማን ያድናል፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። በሁለት ክምሮች መካከል ባለው ክፍተት ውኃው ወደ ባሕር ሲመለስ ይፈጥናልና፥ ዋናተኛ ከዚያ መራቅ ይገባዋል። ከዚህም በላይ ድንጋይ አሸዋ አይወልድም። ከክምሩ በስተኋላ የተቀመጠው አሸዋ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄድ የነበረ ስለሆነ፥ የአንዱ ዳርቻ መዳን ለጎረቤቱ ጉድለት ሊሆን ይችላል።

ክቡር አንባቢ፤ ይህን ሁሉ መናገራችን አፈራችን እንደ ቀድሞው ይሂድ ለማለት አይደለም። በቀድሞው ዘመን የሄደው አፈር ለእኛ ገበሬ ኪሣራ፥ ለባሕሩ ዳርቻ ግን ትርፍ ነበር። ዛሬ በዓባይ የሚሄደው አፈር በአብዛኛው ከባሕር አይደርስም። በ2020 ውኃ መያዝ የጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በድንበራችን አጠገብ ስለሚቀበለው፥ ከማሳው የተነሣው አፈር የሚያርፈው በገዛ ሐይቃችን ወለል ላይ ነው። እንግዲህ በጎጃም ተራራ ላይ የሚሠራ አንድ እርከን፥ ማሳውንም ግድቡንም በአንድ ጊዜ ይጠብቃል።

ከራስ ኤል ባር የምንማረው ይኸው ነው። ወንዝ ራሱና እግሩ አንድ አካል ስለሆነ፥ በአንደኛው ጫፍ የተደረገው ነገር በሌላው ጫፍ ዘግይቶም ቢሆን ይሰማል። በጠረጴዛው ላይ ስለ መሬትና ስለ ውኃ የተጻፈ ወረቀት የሚቀርብለት ሰው ሁሉ፥ ከመፈረሙ በፊት በሌላው ጫፍ ያለው ማን እንደ ሆነ ቢጠይቅ፥ ኋላ በድንጋይ ክምር ከሚጠገነው ጉዳት ብዙውን አስቀድሞ ለማዳን ይችላል።