የሽያጭ መዝገብን በርቀት ረዳት ስለ ማስያዝ

ነጋዴ ደንበኞቹን የሚያውቅበት መዝገብ ከሸቀጡ የማያንስ ሀብቱ ነው። ቀድሞ ይህ መዝገብ በባለቤቱ ራስና ከባንኮኒው ሥር በሚቀመጥ ደብተር ይያዝ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዙ የንግድ ቤቶች ዘንድ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። ለዚሁ ተግባር የተዘጋጁት የሽያጭ ሶፍትዌሮች፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ሴልስፎርስ፣ የሕንዱ ዞሆ፣ የቤልጂጉ ኦዱና እነዚህን የመሳሰሉት፣ ደንበኛው ማን እንደ ሆነ፣ ምን ዋጋ እንደ ተነገረው፣ መቼ ሊደወልለት እንደሚገባና ጉዳዩ ከምን እንደ ደረሰ ይመዘግባሉ፤ ቀኑም ሲደርስ ያስታውሳሉ።

ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የሚያስታውሰው የተጻፈለትን ብቻ ነው። የሽያጭ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ሲዞር ውሎ ማታ ወደ መዝገብ መመለስ ይታክተዋል፤ ባለቤቱም ጊዜ የለውም። በዚህም ምክንያት በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት መሣሪያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። በእንግሊዝኛ አጠራር ቨርችዋል አሲስታንት የተባለው፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ የርቀት ረዳት የምንለው ባለሙያ የሚፈለገው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ሰው በቢሮአችን ወንበር ሳያስፈልገው፣ በሐዋሳም ሆነ በማኒላ ተቀምጦ፣ በኢንተርኔት አማካይነት መዝገቡን ይጠብቃል።

የርቀት ረዳቱ ሻጭ አይደለም፤ ዋጋም አይቆርጥም። ሥራው በቴሌግራም፣ በስልክና በኢሜል የመጡትን ጠያቂዎች በየዕለቱ መመዝገብ፣ ሁለት ጊዜ የገባውን ስም ማዋሐድ፣ የተላከን ፕሮፎርማ ቀኑ ሳያልፍ ማሳሰብ፣ በሳምንቱም መጨረሻ የትኛው ጉዳይ እንደ ቆመና ለምን እንደ ቆመ ለሥራ አስኪያጁ ማቅረብ ነው። የፕሮፎርማው ነገር ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አስመጪ የሚሰጠው ዋጋ ለረጅም ጊዜ ሊጸና አይችልም። የውሃ ፓምፕ የሚያስመጣ ነጋዴ ለ15 ቀን የሚጸና ፕሮፎርማ ሰጥቶ በ16ኛው ቀን ቢደውል፣ ወይ ደንበኛው ከሌላ ገዝቷል፣ ወይም ዋጋው እንደ ገና ሊሠራ ይገባዋል። በ10ኛው ቀን እንዲደውል የሚያሳስበው ሰው ቢኖር ግን ሽያጩ በእጁ ሊሆን ይችል ነበር። በሳምንት አምስት ፕሮፎርማ የማይጽፍ ቤት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚህ ሁሉ ወጪ ሳይጋለጥ ደብተሩ ይበቃዋል።

ረዳቱ ሶፍትዌሩን ማወቁ ብቻ የማይበቃ መሆኑን አጥብቀን ለማሳሰብ እንወዳለን። እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት የቤተ ሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። የእኛን ደንበኛ ስም በሁለት ከፍለው ሲመዘግቡ የአባቱን ስም በቤተ ሰብ ስም ቦታ ያስገቡታል፤ ከዚያም በራሱ በመሣሪያው የሚላከው ደብዳቤ ልጁን በአባቱ ስም ይጠራዋል። ለሴት ደንበኛ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ «ወይዘሮ» ብሎ የአባቷን ስም ያስከትላል። ኃይሉ የሚለው ስም ደግሞ በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በብዙኃኑ ኀ ሊጻፍ ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ሦስትና አራት መልክ አለው። ለእኛ አንድ ሰው የሆነው ለኮምፒዩተሩ አምስት ሰው ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሻጮች ለአንድ ደንበኛ ሁለት ልዩ ልዩ ዋጋ ሲሰጡ ይገኛሉ። መፍትሔው መዝገቡን በስም ሳይሆን በቁጥር ማሰር ነው፤ ይኸውም ለድርጅት በ10 አሐዝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ለግለሰብ በስልኩ ነው። ስልኩም አንዱ ዘንድ በ09፣ ሌላው ዘንድ በ+251 ተጀምሮ እንዳይጻፍ አንድ ሥርዓት ይቁረጡለት። ከዚህም በቀር የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሁለት ቁጥር የያዘ ደንበኛ ሁለት ሰው ሆኖ እንዳይመዘገብ ይጠንቀቁ።

የሰዓቱና የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። ደንበኛው «በስምንት ሰዓት ደውሉልኝ» ሲል ከቀትር በኋላ ማለቱ መሆኑን የውጭ አገር ረዳት ካልተነገረው፣ ቀጠሮውን በጧት ይጽፈዋል። የፊሊፒን ሰዓት ደግሞ ከእኛ በአምስት ሰዓት ስለሚቀድም፣ ቢሮአችን በሚከፈትበት ጊዜ የእርሱ ቀን ተጋምሷል።

ስለዚህ ባለሙያውን ሲመርጡ የምስክር ወረቀቱን ብቻ አይመልከቱ። የሴልስፎርስ ምስክር ወረቀት እውነተኛነቱ በኩባንያው ድረ ገጽ ሊጣራ ይችላል፤ ይህም መልካም ነው። የሚበልጠው ፈተና ግን ይህ ነው፦ ስማቸው ከተለወጠ እውነተኛ መዝገብ ውስጥ የተዘበራረቁ 50 መስመሮች ሰጥተው እንዲያስተካክል ይዘዙት። ምንም ሳይጠይቅ ሁሉንም አዋሕዶና ሰርዞ በአንድ ሰዓት የሚመልሰው ፈጣን ቢሆንም አስጊ ሰው ነው። «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ወይስ ወንድማማቾች?» ብሎ የሚጠይቀውን ይያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንደርሳለን። ብዙ ነጋዴ የሱቁን ቁልፍ ለማያውቀው ሰው አይሰጥም፤ የሽያጭ መዝገቡን የይለፍ ቃል ግን በቴሌግራም ይልካል። ይልቁንም አስጊው ነገር ረዳቱ ራሱ በግል ኢሜሉ መዝገቡን እንዲከፍት መፍቀድ ነው። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ ሶፍትዌሩን የሚሸጠው ኩባንያ የመዝገቡ ባለቤት አድርጎ የሚያውቀው ረዳቱን ነው፤ ጠብ በተነሣ ቀን ነጋዴው በራሱ ደንበኞች ዝርዝር ላይ ባዕድ ይሆናል። መዝገቡ በድርጅቱ ኢሜል ይከፈት፤ የበላይ ሥልጣኑም በባለቤቱ እጅ ይቅር። ለረዳቱ የራሱ መግቢያ ይሰጠው። ክፍያው በተጠቃሚ ቁጥር ስለሚታሰብ አንዱን መግቢያ ለሦስት ሰው ማካፈል ቁጠባ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ማን ምን እንደ ሰረዘ ለማወቅ የሚቻልበት መንገድ በዚያው ይጠፋል። ለረዳቱ መጻፍና ማረም ይፈቀድለት፤ ዝርዝሩን በሙሉ ወደ ውጭ አውጥቶ የመገልበጥ ፈቃድ ግን አይሰጠው። ይህ ፈቃድ በታወቁት ሶፍትዌሮች ለብቻው ሊከለከል ይችላል፤ ዳሩ ግን በየትኛው የአገልግሎት ደረጃ እንደሚገኝ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። የደንበኞች ስምና ስልክ የግል መረጃ በመሆኑም፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወደ ውጭ አገር ማስተላለፉን በሥርዓት የወሰነው መሆኑን አይዘንጉ።

ስለ ውሉ በአጭሩ እንናገራለን። ረዳቱ በራሱ ኃላፊነት ለብዙ ቤቶች የሚሠራ ባለሙያ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከተውም፤ ግንኙነቱ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በውሉ ይዳኛል። ሰዓቱን እኛ ወስነን፣ በእኛ ትእዛዝ፣ በወር ደመወዝ የሚሠራ ከሆነ ግን በቤቱ ተቀምጦ ቢሠራም ሠራተኛችን ሊባል ይችላልና፣ ከ60 የሥራ ቀን የማይበልጠውን የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል። ክፍያውን በተመዘገበ ስም ብዛት አይቁረጡ፤ መዝገቡ በከንቱ ስም ይሞላል። በውጭ አገር ላለ ረዳት የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ከባንክ ጋር መነጋገር ይገባል። በእኛ አስተያየት አማርኛ የሚያነብና በብር የሚከፈለው ያገር ልጅ፣ ሶፍትዌሩን ገና እየተማረ እንኳ ቢሆን፣ ለአብዛኛው ቤት የተሻለ ነው።

ኢንተርኔት የተቋረጠ እንደ ሆነ ረዳቱም መዝገቡም ባንድነት ይርቃሉ። በ2012 ዓ.ም. በሰኔ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት መቆየቱ አይረሳም። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ በየሳምንቱ አንድ ግልባጭ አውጥቶ በቢሮው ኮምፒዩተር ያስቀምጥ፤ በዚያ ሳምንት ሊደወልላቸው የሚገቡትን ደንበኞችም በወረቀት ያትም።

ረዳቱ በሚሰናበትበት ጊዜ መግቢያው በዚያው ሰዓት ይዘጋል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎች የሚስቱት በስሙ የተያዙትን ቀጠሮዎች ነው። ሶፍትዌሩ ማሳሰቢያውን የሚልከው ለተመዘገበው ኃላፊ ስለ ሆነ፣ ወደ ሌላ ሰው ስም ካልተዛወሩ የሚመጡት ቀናት ሁሉ ማንም በማይከፍተው መግቢያ ውስጥ ይከማቻሉ፤ ደንበኛውም ሳይደወልለት ይቀራል። ስለዚህ ቀጠሮዎቹን አንድ በአንድ ማዛወር ረዳቱ የመጨረሻ ክፍያውን ከመቀበሉ በፊት የሚፈጽመው ሥራ ሆኖ በውሉ ይጻፍ።