መረቡ የሚደርስበት ጥልቀት

የአንድ ውኃ ዓሣ ሲመናመን ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ስንት ኩንታል ተያዘ የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሹን ጉዳይ ይተዋል፤ መረቡ በውኃው ውስጥ የት ደረሰ፣ በየትኛውስ ወር ተጣለ የሚለው እኩል ክብደት አለው። ይህን አጉልተው ያሳዩት እንደ ኮድ፣ ሃዶክና ፖሎክ ያሉ ሥጋቸው ነጭ የሆኑ ዓሦች የሚሰገሩባቸው የሰሜን አትላንቲክና የሰሜን ፓስፊክ ውኃዎች ናቸው። ትምህርቱ ግን ለጣናም፣ ከመካነ ሰላም ደጋ ሥር ለሚፈሰው ዓባይም የሚሆን ነው።

በመርከብ የሚጎተተው መረብ፣ ትሮል የሚባለው፣ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የባሕሩን ወለል እየጠረገ ይሄዳል። የመረቡን አፍ ከፍተው የሚይዙት ከባድ ሰሌዳዎችና ከሥሩ የታሰረው ክብደት ያለው ገመድ ወለሉን ይፍቃሉ፤ ደለሉን ያናውጣሉ፤ ለማደግ ብዙ ዓመት የሚፈጅባቸውን ስፖንጆችና ኮራሎች ይሰባብራሉ። ሰብል ለመሰብሰብ ብሎ ማሳውን ከነአፈሩ እንደመዛቅ ነው። ሁለተኛው በወለሉና በውኃው ገጽ መካከል ይጎተታል። መርከቡ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ ለመመለስ ከወሰደበት ጊዜ በመነሣትም የዓሣው መንጋ በምን ጥልቀት እንዳለ ያውቃል። ከዚያ የገመዱን ርዝመትና የራሱን ፍጥነት እያስተካከለ መረቡን እዚያው ጥልቀት ላይ ያደርሰዋል። ፖሎክ በትልልቅ መንጋ ስለሚዋኝ ለዚህ ዘዴ ይመቻል። አሜሪካ በቤሪንግ ባሕር ፖሎክን በወለል ጠራጊ መረብ ማስገርን ከከለከለች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ከፖሎኩ ጋር የሚወጣው ያልተፈለገ ዓሣም በክብደት ሲለካ ጥቂት ነው።

ለዚህ ዘዴ ጥብቅና መቆም ግን ተቃውሞዎቹን ሳይመልሱ አይሆንም። አንደኛ፣ ኮድን የመሰሉ ዓሦች አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ሳይርቁ ስለሚኖሩ የመሃል ውኃው መረብ ለሁሉም አያገለግልም። ይህ እውነት ነው፤ የሚያስረዳው ግን መሣሪያ እንደ ዓሣው ጠባይ መመረጥ እንዳለበት ነው። ሁለተኛ፣ በመጠን ጥቂት የተባለው ያልተፈለገ ዓሣ ውስጥ ሳልሞን ይገኝበታል፤ ኑሯቸው በሳልሞን ላይ ለተመሠረተ የአላስካ ነባር ሕዝቦች ያ ጥቂት ብዙ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው፣ መሃል ውኃ የተባለው መረብ መንጋው ዝቅ ሲል ተከትሎት ወርዶ ወለሉን መንካቱ ነው። ይህ ዘዴውን ከንቱ አያደርገውም፤ የመረቡ ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን፣ በተግባር የደረሰበት ጥልቀት መለካት እንዳለበት ግን ያስገነዝባል።

በጣና ትሮል ለገበያ አይጎተትም፤ መርሁ ግን እዚያም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1986 የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ከኔዘርላንድስ የመጡ ድርጅቶች በጀመሩት ፕሮግራም፣ በደንገል ታንኳ ሲሠራ በኖረው ሐይቅ የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይሎን መረብ ገባ። ነጭ ዓሣ የሚባሉት የጣና ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ለዚህም በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ፤ መረቡም እዚያው ይጠብቃቸዋል። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ያለውን ለውጥ አጥንተው፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በክብደት 75 በመቶ ያህል መቀነሳቸውን፣ ግልገሎቻቸው ደግሞ ከዚያም በባሰ መጠን መመናመናቸውን አሳይተዋል። እንቁላሏን ሳትጥል የተያዘች ዓሣ በሌላ ወር ከተያዘችው ጋር በሚዛን ላይ እኩል ብትሆንም፣ በሐይቁ ላይ የምታደርሰው ጉድለት እኩል አይደለም።

ታዲያ ከሐይቁ ዳርቻና ከወንዙ አፍ ርቆ፣ በክፍት ውኃ የሚዋኙትን ትንንሽ ዓሦች ማስገር አይሻልም ወይ? እሸቴ ደጀን እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው የእነዚህን ዓሦች ሥነ ምሕዳርና የማስገር ዕድል መርምሯል። ሐሳቡ ሊናቅ አይገባም፤ ትንንሾቹ ዓሦች ቶሎ ይራባሉ። ይሁንና በጣና ብቻ ከሚገኙት 15 ያህል ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 8ቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ትንንሾቹም ቀለባቸው ናቸው። ስለዚህ መሃል ውኃውም ባለቤት አለው፤ ማስገሩ ሊፈቀድ የሚገባው በመጠን ተወስኖ፣ በላተኞቹም አብረው እየተቆጠሩ ሲሆን ብቻ ነው።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጣናን ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ስለለያቸው፣ ለጣና የሚደረግ ጥበቃ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሥር ላለው የዓባይ ሸለቆ አይበቃም። ያ ውኃ የራሱ ጥናት ያስፈልገዋል፦ የትኛው ዓሣ በየትኛው ገባር፣ በየትኛው ወር እንደሚራባ ማወቅ። ዓሣ ለማፍዘዝ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወንዝ ውስጥ መበተን ትልቁንም ግልገሉንም አብሮ ስለሚመታ፣ ከወለል ጠራጊው መረብ በባሰ መልኩ የማይመርጥ ነው። በጣና ደግሞ በክረምት የወንዞችን አፍ ለመረብ መዝጋት አስጋሪውን ለጊዜው ገቢ ያሳጣዋል፤ ስለዚህ ክልከላው በእነዚያ ቦታዎችና ወራት ብቻ ተወስኖ፣ አስጋሪው በሌላው የሐይቁ ክፍል እንዲሠራ መንገድ ሊከፈትለት ይገባል። ውኃውን በሙሉ ከመዝጋትም ሆነ በሙሉ ከመልቀቅ የሚሻለው፣ ዓሣው የሚራባበትን ቦታና ወር ለይቶ መረቡን ከዚያ ማራቅ ነው።