ከሐኪሙ ቀድሞ በረት የሚደርሰው

የደስታ በሽታ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 ዓ.ም. በአፋር ነበር፤ 30 ዓመት ገደማ ሆነው። በ1880ዎቹ መባቻ በሬ ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ ያመጣው ይኸው በሽታ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ታሪኩ ሲነሳ የሚወደሰው ክትባቱ ነው፤ መርፌውን ይዘው በረት ለበረት የዞሩት ረዳቶች ብዙም አይወሱም። ከከፋ ዞን፣ ከቢታ ገነት ሆኖ ለሚያስብ ሰው ግን ትልቁ ጉዳይ የእነዚህ ሰዎች ነገር ነው፦ የእንስሳት ጤና ረዳት ማን ይሁን? ምንስ ይማር?

የሥልጠናው መንገድ ባጭሩ ይህን ይመስላል። በ1950ዎቹ ደብረ ዘይት ላይ የረዳቶች ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲው እዚያው ተቋቋመ። በ1990ዎቹ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተስፋፉ። ለከፋ ልጆች ለዲፕሎማ ሚዛን፣ ለዶክተርነት ጅማ ቅርብ ናቸው። ሰው ሠራሽ ማዳቀልና የሥጋ ምርመራ የየራሳቸው ሥልጠና ስላላቸው እንለፋቸው።

ክርክሩ የጦፈው ሌላ ቦታ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ 20 አርብቶ አደሮች አጭር ሥልጠና ወስደው 73,000 ያህል ከብት ከተቡ። ቀዝቃዛ ሳጥን የማያስፈልገው፣ ሙቀት የሚችል ክትባት ነበር የተሰጣቸው። የመንግሥት ቡድን የማይደርስበትን መንጋ እነሱ ያውቁታል፤ ባለከብቱም ያምናቸዋል። ያኔ ብዙ ሐኪሞች «ማንበብ የማይችል ሰው መርፌ ይያዝ?» ብለው ተቃወሙ። ውጤቱ መልስ ሰጣቸው፤ ብዙም ሳይቆይ በሽታው ከአፋር ጠፋ።

ይሁንና የተቃዋሚዎቹን ሥጋት እንዳለ መጣል አይገባም። የከፋ ቆላማ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብ አገር ናቸው፤ ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ ደግሞ እንደ ደስታ በሽታ በአንድ ክትባት አይገላገሉትም። ክትባት የለውም፣ ያለው መድኃኒት ነው። የዲሚናዚን ባለ 2.36 ግራም ፓኬት በ15 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በተለመደው መጠን 300 ኪሎ ለሚመዝን አንድ በሬ ነው የሚበቃው። ከገበያ የገዛ ገበሬ ግን ገንዘቡን ለመቆጠብ አንዱን ፓኬት ለሁለት በሬ ያካፍላል። ግማሽ መጠን ጥገኛውን አይገድለውም፤ መድኃኒቱን ያለማምደዋል። እንደ ከፋው የጎጀብ ወንዝ ሁሉ ወደ ኦሞ በሚፈሰው በጊቤ ሸለቆ፣ መድኃኒት የማይበግረው ገንዲ መኖሩ ከ30 ዓመት በፊት ተረጋግጧል። ስለዚህ የረዳቱ የመጀመሪያ ትምህርት የበሬውን ደረት ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን መገመት፣ ከዚያ መጠኑን ማስላት ነው። መውጋት ኋላ ይደረስበታል።

ሌላው በሥርዓተ ትምህርት ጥግ ላይ የሚቀመጠው የእንስሳት ደኅንነት ነው። እንስሳትን ማሠቃየት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ በተግባር ግን ብዙ በሬ የሚኮላሸው ተጥሎ፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት ተቀጥቅጦ ነው። ቡርዲዞ የሚባለው ጉጠት ቆዳውን ሳይቀድ የዘር ቱቦውንና የደም ሥሩን ይጨፈልቃል። አንዱ ጎን ካለቀ በኋላ ሌላው ለብቻው ይያዛል፤ ያመዋል፣ ግን ቁስል አይከፍትም። በሚገባ የተሠራ ማቆሚያ ካለ ከብቱም አይንፈራገጥም፣ ሰውም አይረገጥም። ደኅንነትን የፈረንጅ ቅንጦት የሚያደርጉ አሠልጣኞች ይህን ይዘነጋሉ፦ በየጊዜው የሚያሳምመውን ሰው ያወቀ ከብት ለክትባት አይያዝም፤ ባለቤቱም ሁለተኛ አያመጣውም።

ቀጣዩ ፈተና የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው፤ ዓለም በ2030 እ.ኤ.አ. ሊያጠፋው አቅዷል። የቦንጋ በግ በየቤቱ ለሚረባበት ዞን ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ቢታን በመሰለ ወረዳ፣ የቀበሌው ሰው ዛሬም ከብቱ ሲታመም የሚጠራውን ሰው መርጦ ማሠልጠን፤ የሚይዘውን መድኃኒት በዝርዝር መወሰን፤ መዝገቡን የወረዳው ሐኪም በየወሩ እንዲያየው ማድረግ።

ይህ ሁሉ ግን ገቢ ካልታሰበበት አይዘልቅም። በፕሮጀክት ገንዘብ ሠልጥነው፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሣጥናቸውን ያስቀመጡ ረዳቶች በአገሪቱ ብዙ ናቸው። መንግሥት በድጎማ በሚያክምበት ቀበሌ ረዳቱ ገንዘብ ቢጠይቅ ማን ይከፍለዋል? ለአገልግሎቱ የታወቀ ዋጋ ካልተቆረጠለት፣ ቡና ለቀማው ሲደርስ ረዳቱ ወደ ቡናው ይሄዳል፤ ማንም ሊወቅሰው አይችልም።