ስለ አዲስ ተከላካይ ጥፋትና ስለ ተመልካች ፍርድ

በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ከሚሰለፉት ዐሥራ አንድ ሰዎች መካከል፣ የሠራው መልካም ሥራ ሁሉ ሳይቆጠርለት ያጠፋው ጥፋት ብቻ ተመዝግቦ የሚኖርበት፣ ከግብ ጠባቂው ቀጥሎ የመሀል ተከላካዩ ነው። አጥቂ አምስት ጊዜ ስቶ በስድስተኛው ቢያገባ ስሙ በምስጋና ይነሣል፤ ተከላካይ ግን ጨዋታውን ሙሉ ያለ ነቀፋ ቆሞ፣ ስንቱን ኳስ በግንባሩ መልሶ፣ ስንቱን አጥቂ አሳፍሮ ሲያበቃ በመጨረሻ አንዲት እርምጃ ቢሳሳት፣ ያ ሁሉ ድካሙ እንዳልነበረ ይሆንና ያቺ አንዲት እርምጃ ብቻ ስትወሳበት ትኖራለች። ይህ ዕጣ ለነባሩ ተጫዋች እንኳ የከበደ ከሆነ፣ ገና ወደ ክለቡ ለመጣው፣ የባልንጀሮቹን ጠባይ ላልለመደውና የሰዉን ቋንቋ አጥርቶ ለማይሰማው አዲስ ተከላካይማ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ በኅሊናው ሊመዝነው ይችላል።

በከተሞቻችን ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ለማየት በየዲኤስቲቪ ቤቱ የሚሰበሰበው ሕዝብ ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ እንግዳ አይደለም። ግብ በተቆጠረ ቅጽበት፣ ኳሱ ገና ከመረቡ ሳይወጣ፣ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ቴሌቪዥኑም ግቡን ደግሞ ሲያሳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ቅብብል እንጂ ከነገሩ ሥር ስላልሆነ፣ ጣት ሁሉ ለአጥቂው ቀርቦ በታየው ሰው ላይ ይቀሰራል። «ይኼ ሰውዬ አይሆንም፤ ይሸጥልን» የሚለው ቃል የዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይደርሳል። የሚወደው ክለብ ሲሸነፍ ሰው ቢያዝን፣ ቢቈጣም፣ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ኀዘን ሌላ፣ ፍርድ ሌላ ነው፤ ፍርድ ምርመራን ይሻል። በቀድሞው ዘመን በበላ ልበልሃ ሙግት ዳኛው ከሳሽንም ተከሳሽንም፣ ምስክሮችንም በየተራ ሳያደምጥ አንዱን ወገን ረቺ፣ ሌላውን ተረቺ አይልም ነበር፤ የተቆጠረ ግብም እንዲሁ ቃላቸው ሊሰማ የሚገባ ብዙ ምስክሮች አሉት።

ለዚህ ሐተታ የአርሰናሉን ፈረንሳዊ ተከላካይ የሎረን ኮሺየልኒን ነገር መርጫለሁ፤ በአገራችን የመድፈኞቹ ደጋፊ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ስሙን የማያስታውስ ጥቂት ይሆናል። እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኮሺየልኒ በ2010 ክረምት ከሎሪያን ክለብ ወደ ለንደን ሲመጣ ዕድሜው 24 ነበር፤ በፈረንሳይ ከፍተኛ ሊግ የተጫወተውም አንድ ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በሁለተኛው ምድብ ቱር በሚባለው ክለብ ነበረ። የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ኦገስት 15 ቀን በአንፊልድ ከሊቨርፑል ጋር አደረገ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያበቃ ሲል የሊቨርፑሉ ጆ ኮል በኃይል ገብቶበት በቀይ ካርድ ተባረረ፤ ኮሺየልኒንም በቃሬዛ ይዘውት ወጡ፤ ከዕረፍት መልስ ግን ሕመሙን ችሎ ተሰለፈ፤ ጨዋታው በሚያልቅበት ሰዓት ደግሞ ራሱ ሁለተኛ ቢጫ ካርድ አይቶ ከሜዳ ወጣ። ውጤቱ 1 ለ 1 ነበር። በኖቬምበር ክለቡ በገዛ ሜዳው በኒውካስል 1 ለ 0 ሲሸነፍ ዳግመኛ ቀይ ካርድ ተመዘዘበት። በሦስት ወር ሁለት ቀይ ካርድ ያየን እንግዳ ሰው ስንቱ እንደ ነቀፈው መናገር አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ የነቀፈው ሰው ሁሉ ኮሺየልኒ ከማን ጋርና በማን ፊት እንደሚቆም አላስተዋለም። አጠገቡ ቆሞ ሊመራው ይገባ የነበረው ቤልጅየማዊው ቶማስ ቨርማለን፣ ሊጉ ከተጀመረ ብዙ ሳምንት ሳይሞላ የተረከዙ ጅማት ታሞ ያ የውድድር ዘመን ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ አልተመለሰም። በእርሱ ቦታ የተተካውም አንድ ጊዜ ሴባስቲያን ስኪላቺ፣ አንድ ጊዜ ዮሃን ጁሩ ነበር፤ ስኪላቺ ራሱ በዚያው ክረምት የመጣ አዲስ ሰው ነው። ከኋላው ያለው ግብ ጠባቂም እንዲሁ ይለዋወጥ ነበር፤ አልሙኒያ ጀመረ፣ ፋቢያንስኪ ተቀበለ፣ ከዚያ ፋቢያንስኪ ሲጎዳ የ20 ዓመቱ ወጣት ሼዝኒ ገባ። የመሀል ተከላካይ ሥራ ደግሞ ከእግር ይልቅ በመግባባት የሚሠራ ሥራ ነው፤ አንዱ ወደ ፊት ሲወጣ ሌላው ወደ ኋላ ሊሸፍንለት፣ አንዱ መስመሩን ከፍ ሲያደርግ ሌላው እኩል ሊራመድ ይገባል፤ አንዲት ክንድ ታህል ርቀት አንዱ ወደ ኋላ ከቀረ ከጨዋታ ውጪ ሊሆን የነበረው አጥቂ በሕጋዊ ቦታ ይገኛልና። ይህ መግባባት በገንዘብ አይገዛም፤ አብሮ በመቆም ብቻ ይገኛል፤ አብሮ ለመቆምም ያው ሰው ያው ቦታ ላይ ሊቆይ ግድ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልናያቸው የሚገቡት በ2011 ፌብሩዋሪ ውስጥ በ22 ቀን ልዩነት የተደረጉት ሦስት ጨዋታዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ፌብሩዋሪ 5 ቀን በኒውካስል ሜዳ የተደረገው ነው። አርሰናል በ26 ደቂቃ 4 ግብ አግብቶ ሲመራ ውሎ፣ ከዕረፍት በኋላ 4 ተቆጥረውበት 4 ለ 4 ወጣ፤ ከአራቱ የመጀመሪያው ኮሺየልኒ ባጠፋው ፍፁም ቅጣት ምት የመጣ ነው። ማን ነው ከዚህ በኋላ እርሱን የማይከስ? ነገር ግን ከዚያ ጥፋት አስቀድሞ ጁሩ ተጎድቶ መውጣቱን፣ አማካዩ አቡ ዲያቢም በቀይ ካርድ ተባርሮ ቡድኑ በዐሥር ሰው መቅረቱን የሚያስብ ሰው፣ ከተከላካዮቹ ፊት የሚቆመው ግድግዳ ፈርሶ ኳስ ሁሉ በቀጥታ ወደ እነርሱ ይወርድ እንደ ነበር ይረዳል። ፍፁም ቅጣት ምቱ የኮሺየልኒ ነው፤ አልክድም። የመከራው ምንጭ ግን ከእርሱ በስተፊት ነበረ።

ከዚያ ዐሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ፌብሩዋሪ 16 ቀን ባርሴሎና ወደ ለንደን መጣ። ያ ቡድን በዘመኑ በዓለም አቻ አልነበረውም፤ በዚያው ዓመትም የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ የወሰደ ነው። አርሰናል በዚያ ምሽት 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ኮሺየልኒ ከሜሲ እግር ሥር ኳስ እየነጠቀ፣ ሌሎች ሊወድቁ በሚችሉበት ቦታ ቀጥ ብሎ እየቆመ፣ በምስጋና ላይ ምስጋና አገኘ። ሰውዬው ያው ነው፤ እግሩም ያው ነው።

ዳግመኛ ዐሥራ አንድ ቀን ቆይቶ ፌብሩዋሪ 27 በዌምብሌይ የሊግ ዋንጫ ፍጻሜ ከበርሚንግሃም ሲቲ ጋር ተደረገ። ዚጊች ለበርሚንግሃም፣ ቫን ፐርሲ ለአርሰናል አግብተው 1 ለ 1 ሳሉ፣ በ89ኛው ደቂቃ የበርሚንግሃሙ ግብ ጠባቂ ቤን ፎስተር ኳሱን ከሩቅ መታው፤ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝመው ዚጊች በግንባሩ ነክቶ አሳለፈው፤ ኳሱም ወደ አርሰናል የፍፁም ቅጣት ምት ክልል በዝግታ ወረደ። እዚህ ላይ ሼዝኒ ኳሱን በእጁ ለመያዝ ከግቡ ወጣ፤ ኮሺየልኒም በእግሩ ሊያርቀው መጣ፤ ሁለቱ ሳይግባቡ ተገናኙ፤ ኳሱ ከበረኛው እጅ ተንሸራትቶ ተቀይሮ የገባው ናይጄሪያዊ ኦባፌሚ ማርቲንስ እግር ሥር ወደቀ፤ ማርቲንስም ባዶ ግብ ውስጥ ከተተው። አርሰናል ከ2005 ጀምሮ ዋንጫ ሳያነሣ የቆየ ክለብ ነበርና የደጋፊው ኀዘን መሪር ሆነ። የዚያን ኀዘን ሸክም ግማሹን ኮሺየልኒ ተሸከመ።

ይህን ግብ በትዕግሥት የሚያየው ሰው ግን ሌሎች ምስክሮችን ያገኛል። ዚጊች በግንባሩ ሲነካው ከእርሱ ጋር የዘለለው ማን ነው? ኳሱ በነጠረ ጊዜ ማርቲንስን ሊከተል የሚገባው የት ነበረ? ሼዝኒ የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታውን ያደረገው ዲሴምበር 13 ቀን 2010 በኦልድ ትራፎርድ ስለ ነበር፣ እርሱና ኮሺየልኒ ከተዋወቁ ገና ወራት መሆኑም ከምስክሮቹ አንዱ ነው። ተከላካይ ፊቱን ወደ ኳስ ሲያዞር ጀርባውን የሚያየው በግብ ጠባቂው ዓይን ነው፤ ግብ ጠባቂው «የእኔ ነው» ሲል ይለቃል፤ ዝም ሲል ይመታል፤ የዚህ ልማድ ሥር የሚሰደደው ደግሞ በመቶ ጨዋታ እንጂ በዐሥር አይደለም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የዌምብሌዩ ግብ ከሁለት ሰዎች ድክመት ይልቅ የአንድ ጥንድ አለመብሰል ነው። ክለቡ በአንድ ዓመት ውስጥ የኋላ መስመሩን እንዲህ ካፈራረቀ፣ የጥፋቱ ድርሻ ወደ ሜዳ ላልገቡትም ይደርሳቸዋል።

እንግዲህ አዲስ ተከላካይን መመዘን የሚፈልግ ተመልካች ዓይኑን ግቡ ከመቆጠሩ ዐሥር ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይመልስ። ኳሱ በማን እግር ተነጠቀ? የመስመር ተከላካዩ ወደ ፊት ሄዶ ሳይመለስ ቀርቶ ይሆን? የመሀል ተከላካዩ የወጣው ሌላው የተወውን ክፍተት ሊደፍን ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ሰው የመጨረሻ ሆኖ መታየቱ የትጋቱ ምልክት ነው፤ ሰነፉ ተከላካይ ከግቡ ራቅ ብሎ ስለሚቆም በምስሉ ውስጥ እንኳ አይታይም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ጥፋቱ ከምን ጠባይ ተወለደ የሚለው ነው። ኮሺየልኒ አጥቂው ኳሱን ሳይዝ ቀድሞ ለመንጠቅ የሚወጣ ሰው ነበር፤ ሜሲን ያሸነፈበትም፣ ካርድ ያስመዘዘበትም ይኸው አንድ ጠባይ ነው። ይህን ጠባይ ነቅሎ መጣል ሰውየውን ራሱን መጣል ይሆን ነበር፤ አሠልጣኙ አርሴን ቬንገርም አልጣሉትም፤ መቼ መውጣት፣ መቼም መታገሥ እንደሚገባ እስኪማር ድረስ አሰለፉት። ቀይ ካርዱ ከዚያ በኋላም ፈጽሞ አልተወውም፤ በ2013 ጃንዋሪ ከማንቸስተር ሲቲ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ከአስቶን ቪላ ጋር ተባርሯል። ነገር ግን ያ ድፍረት ያዳነው ካጠፋው እየበዛ ሄደ።

ትዕግሥት ማለት ለሁሉ እኩል ሥርየት መስጠት እንዳይመስል ስኪላቺን ደግሞ እንመልከት። እርሱ ከሴቪያ ሲመጣ የ30 ዓመት ሰው፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች፣ በስምም በልምድም ከኮሺየልኒ እጅግ የላቀ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ወራት ማን ይሰነብታል ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ስኪላቺን በጠራ ነበር። እርሱ ግን የጨዋታው ፍጥነት እያለፈው ሄደ፤ እየዋለ ሲያድር ከአሰላለፍ ውጪ ሆኖ በ2013 ክለቡን ለቀቀ። የስኪላቺ ጉድለት አለመልመድ ሳይሆን አለመድረስ ነበር፤ አለመልመድን ጊዜ ይፈውሰዋል፣ አለመድረስን ግን ጊዜ ያባብሰዋል፤ ሁለቱንም በመጀመሪያው ወር ከተቆጠረ ግብ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊም ፓትሪስ ኤቭራን ያስታውስ፤ ጃንዋሪ 14 ቀን 2006 ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ቡድኑ 2 ለ 0 እየተመራ በዕረፍት ሰዓት ተቀየረ፤ ቡድኑም 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ያ ሰው በኋላ አምስት ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንሥቷል።

ኮሺየልኒም እንዲሁ። በ2012 ሜይ 13 ቀን ዌስት ብሮምን 3 ለ 2 ሲያሸንፉ የመጨረሻዋን ግብ አግብቶ ክለቡን በሦስተኛ ደረጃ አጸና፤ በ2013 ሜይ 19 ቀን በኒውካስል ሜዳ ብቸኛዋን ግብ አግብቶ ቶተንሃምን ቀድመው አራተኛ እንዲወጡ አደረገ። በ2014 ሜይ 17 ቀንም በዚያው በዌምብሌይ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ሃል ሲቲ በ8 ደቂቃ 2 ለ 0 ከመራ በኋላ፣ በ71ኛው ደቂቃ 2 ለ 2 ያደረገችውን ግብ ከግብ ጠባቂው ጋር እየተጋጨ ያገባት እርሱ ነው። ባልንጀራው ራምሴ በተጨማሪው ሰዓት ሦስተኛውን ሲያክል የዘጠኝ ዓመት የዋንጫ ረኃብ አበቃ።

ኮሺየልኒ ለአርሰናል 353 ጨዋታ ተሰልፎ አምበልም ሆነ። በ2019 ግን ክለቡ ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ሲጓዝ አምበሉ አልሄድም ብሎ ቀረ፤ በኦገስትም ወደ ቦርዶ ተዛወረ። ስለዚህኛው ጥፋቱ ደጋፊው ቢያዝንበት እኔም አልከላከልለትም፤ አስቦበት፣ አውቆት፣ ጊዜ ወስዶ ያደረገው ነውና። የዌምብሌዩ ኳስ ግን እንዲህ አይደለም፤ ስለ እርሷ ነጻ ነው።