ከባድ ዕቃ በጭቃና በብሎኬት ግድግዳ ላይ ስለ መስቀል

ዛሬ የማካፍላችሁ ከደብተሬ ሳይሆን ሮብ ገበያ ላይ ከሠራሁት ስህተት የተማርኩትን ነው።

አክስቴ ሮብ ገበያ ውስጥ ትንሽ የአረቄና የሻይ ቤት አለቻት። የሁለተኛ ዓመት የኮንስትራክሽን ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ሄጄ የጠርሙስ መደርደሪያ ግድግዳው ላይ ልስቀልልሽ አልኳት። ትራፓኖ ተውሼ፣ ፊሸርና ቪት ገዝቼ በግማሽ ቀን ጨረስኩ። መረቀችኝ። ማክሰኞ ማታ ለገበያው ጠርሙሱ ሁሉ ከተደረደረ በኋላ መደርደሪያው ከነልስኑ ተገንጥሎ ወረደ። ከሥሩ መደቡ ላይ ተኝቶ የነበረውን ልጇን ወደ ጓዳ ከወሰደችው ገና ብዙ አልቆየም። የአረቄው ኪሳራስ ይቅር፣ ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ።

ለመሆኑ ለምን ወደቀ? ፊሸር የሚይዘው ቪቱ ሲገባበት እየሰፋ የቀዳዳውን ዙሪያ ስለሚገፋ ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1958 የናይለኑን ፊሸር ከፈለሰፈው ጀርመናዊ ከአርቱር ፊሸር ነው። ታዲያ እንዲይዝ የሚገፋው ነገር ጠንካራ መሆን አለበት። የጭቃ ቤት ግድግዳ በቋሚና በማገር ላይ የተመረገ ጭቃና ጭድ ነው፤ ሲገፉት ይፈረፈራል። ሸክም የሚችለው እንጨቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ የስሌት ነው። መደርደሪያ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ይስባል። 20 ኪሎ ዕቃ ከግድግዳው በአማካይ 15 ሴ.ሜ. ርቆ ቢቀመጥና በድጋፉ የላይና የታች ቪቶች መካከል 20 ሴ.ሜ. ቢኖር፣ የላይኞቹን ቪቶች በድምሩ 20×15÷20፣ ማለትም 15 ኪሎ ያህል ወደ ፊት ይጎትታቸዋል። በቪቶቹ መካከል ያለው 10 ሴ.ሜ. ብቻ ከሆነ ጉተታው 30 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ መደርደሪያው ጠበብ፣ ድጋፉ ረዘም ቢል ይመረጣል።

በጭቃ ግድግዳ ላይ በመጀመሪያ ቋሚውን መፈለግ ነው። በጣት አንጓ ሲያንኳኩት ድምፁ ይለያል፤ ካልተለየ በቀጭን ምስማር መሞከር ነው። ምስማሩ እንጨቱ ውስጥ ያለ ችግር ስምጥ ካለ ምስጥ በልቶታልና ሌላ ቋሚ ይፈለግ። ቀጥሎ ሁለት ቋሚዎችን የሚያገናኝ ወፍራም ጣውላ አግድም በረጅም ቪት ይታሰራል። መደርደሪያው የሚሰቀለው በጣውላው ላይ ነው። ዕቃው በጣም ከባድ ከሆነ ግን መስቀሉን ትቶ እግር አውጥቶለት መሬት ላይ ማቆም ይሻላል።

የብሎኬት ግድግዳም ቢሆን አያታልላችሁ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፤ ከፊት ያለው ገበር የጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው ያለው። አጭር ፊሸር ባዶው ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል፤ ትራፓኖውም እየመታ ሲበሳ ገበሩን ይሰብረዋል። ስለዚህ መምቻውን አጥፍቶ ቀስ ብሎ መብሳት ነው። ለከባድ ዕቃ ደግሞ ቀዳዳውን በመሮ አስፍቶ ባዶውን በሲሚንቶና በአሸዋ ሞልቶ ብሎኑን መቅበር፣ ከዚያም ውሃ እያጠጡ ሳምንት ያህል ሳይጭኑ መቆየት ያስፈልጋል። ከማብሪያና ከሶኬት በላይና በታች በቀጥታ አትብሱ፤ ሽቦው ብዙውን ጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው።

አክስቴ ያን ሌሊት አልተቆጣችኝም። ጠዋት ስብርባሪውን እየጠረገች፣ «አንተ ልጅ፣ ግድግዳውን የማገረው አጎትህ እዚሁ ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ ቋሚው የት እንዳለ ብትጠይቀው ምን ነበረበት?» ብቻ ነው ያለችኝ። አጎቴም ተነስቶ ግድግዳውን ሳያንኳኳ ሁለቱን ቋሚዎች በጣቱ አሳየኝ። በጣውላ አስረን የሰቀልነው መደርደሪያ እስካሁን አለ።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ትራፓኖ ከማንሳታችን በፊት ቤቱን የሠራውን ሰው እንጠይቅ እያልኩ ለዛሬ በዚሁ ላብቃ። ቸር ይግጠመን።