በእግር የሚረገጠው ዛፍ

በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ከ2300 ሜትር በላይ የሚወጣ መንገደኛ ረጃጅሞቹን ዛፎች ከኋላው ትቶ ገላጣ ምድር ላይ ይደርሳል። እዚያም በረዶ እስከ ሰኔ፣ አንዳንዴም እስከ ሐምሌ በሚተኛበት ጎድጓዳ ስፍራ ሣር የመሰለውን ነገር ይረግጣል። የረገጠው ግን ዛፍ ነው።

በኢትዮጵያ ወንዞች ዳር የሚበቅለው፣ ዐረቦች ሰፍሳፍ የሚሉት አኻያ የዚህ ተክል ዘመድ ነው። ድንኩ አኻያ ከምድር ከፍ የሚለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እንጨታማ ግንዱ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ይሳባል፤ ከላይ የሚታዩት የጣት ጥፍር የሚያህሉ ክብ ቅጠሎችና ጥቃቅን አበቦች ናቸው። በ1732 ላፕላንድን የዞረው ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ ከዛፎች ሁሉ ትንሹ ሲል ገልጾታል።

ግንዱ የተሰወረ ተክል ዛፍ ይባላልን? ነገሩ ለተፍሲር ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። በሱረቱ አር-ረሕማን ነጅምና ሸጀር ለአላህ እንደሚሰግዱ ተወስቷል። ነጅም የተባለውን ኢብኑ ዐባስ ግንድ የሌለው ዕፅ ነው ሲሉ፣ ሙጃሂድ የሰማይ ኮከብ ነው ብለዋል፤ ሸጀር ግን በግንዱ የቆመው ነው። በኢብኑ ዐባስ አተረጓጎም ከሄድን፣ ይህ ተክል ላየው ሰው ነጅም፣ ለቆፈረው ሸጀር ነው።

ማነሱ ጉዳት አይደለም። መሬት አጠገብ ነፋሱ ይደክማል፤ ፀሐይ ያሞቀችው ቅጠልም ከአካባቢው አየር ይልቅ ይሞቃል። ክረምቱን የሚያሳልፈው ከበረዶው ሥር ነው። ውጭው እጅግ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት እንኳ ከወፍራሙ በረዶ በታች ያለው አፈር ከዜሮ ዲግሪ ብዙ አይርቅም። በረዶው እንደቀለጠ ፈጥኖ ያብባል፤ ሥራውን የሚጨርሰው በሁለትና ሦስት ወራት ውስጥ ነው። ከመሬት በታች እየተሰራጨም አንዱ ተክል ለብዙ መቶ ዓመታት ሊኖር ይችላል።

ዛሬ የሚያሰጋው ብርዱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። አልፕስ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሞቋል። በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥ ተክሉ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ የፀደይ ሌሊት ውርጭም ልብሱን እንደተገፈፈ ሰው ያገኘዋል። ዓለም በመሞቋ በብርድ የሚጎዳ ፍጥረት መኖሩ ለብዙዎቻችን እንቆቅልሽ ይመስላል። ከታች የሚወጡ ረጃጅም ዕፅዋት ደግሞ ፀሐዩን ይከልሉታል።

በበረዶው ዘመን ይህ አኻያ በአውሮፓ ቆላማ ሜዳዎች ይበቅል እንደነበር በጥንታዊ ሐይቆች ደለል ውስጥ የተገኙት ቅጠሎቹ ይመሰክራሉ። አየሩ ሲሞቅ ቅዝቃዜውን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ተራሮች ሸሸ። አሁን ካለበት በላይ የቀረው የጫፎቹ ዐለት ነው።