የልብ ትርታ የሚቆጥር ቤተሰብ

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከኮተቤ፣ ከሲኤምሲና ከአያት ተነሥተው ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ እንጦጦ ለልምምድ ከሚወጡት ሯጮች ብዙዎቹ አንጓቸው ላይ አንድ ሰዓት አስረዋል። ሰዓቱ ጊዜ ነግሮ አይበቃውም፤ የሮጡትን ርቀት፣ የፍጥነታቸውን መውጣትና መውረድ፣ የልባቸውን ትርታ ይመዘግባል። የሠራው ድርጅት የአሜሪካ፣ የፊንላንድ ወይም የቻይና ነው። በረጅም ርቀት ሩጫ ዓለም በሚያውቃት ከተማ ውስጥ የሚለካው አካል የእኛ ሲሆን፣ ልኬቱን የሚተረጉመው ቀመር ግን በሌላ አየር፣ በሌላ ከፍታ፣ በሌሎች ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ከቦሌ እስከ አያት ባለው አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ የጤና መከታተያ የሚሠራ ድርጅት ለማቋቋም ቢነሣ፣ ዋና ሀብቱ ፋብሪካም ማሽንም አይደለም ብዬ አምናለሁ። ዋና ሀብቱ በዚህ ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን በትዕግሥት መለካት ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ዘገምተኛ ሥራ ደግሞ የቤተሰብ ድርጅት ከሌሎች ይልቅ ይስማማል።

ይህን ለማለት የሚያስደፍረው የአንድ የፊንላንድ ድርጅት ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ምሁር የነበረው ሴፖ ሳይናያካንጋስ ከአንድ የበረዶ ሸርተቴ አሠልጣኝ ጋር ይገናኛል። አሠልጣኙ የተቸገረበት ነገር ቀላል ይመስላል፦ ስፖርተኛው እየተንሸራተተ ሳለ የልቡ ትርታ ስንት እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። አስቁሞ አንገቱን ይዞ መቁጠር ይቻላል፤ ነገር ግን ሰው በቆመ ቅጽበት ልቡ መርገብ ይጀምራልና የሚገኘው ቁጥር የሩጫው ሳይሆን የዕረፍቱ ነው። ሳይናያካንጋስ በ1977 ኦውሉ አጠገብ ባለችው በኬምፔሌ ፖላር ኤሌክትሮ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። በ1979 ትርታን ያለ ሽቦ ለሚለካው ዘዴ የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ፤ ደረት ላይ በሚታጠቅ ቀበቶና አንጓ ላይ በሚታሰር ሰዓት የሚሠራው፣ ስፖርት ቴስተር የተባለው መሣሪያ ለገበያ የበቃው ግን በ1982 ነው። ከምሥረታው እስከዚያ አምስት ዓመት አለፈ። መሥራቹ በ2018 ሲያርፍ ድርጅቱ ገና በቤተሰቡ እጅ ነበር። በበረዶ በተከበበች ትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ የተወለደው እዚያ የሠለጠነ ሰው ከሌላው ዓለም በዝቶ ስለተገኘ አይመስለኝም። ችግሩ ደጃፉ ላይ ስለነበረ ነው፤ መሐንዲሱ ከስፖርተኞቹ ጋር በአንድ አገር ይኖር ነበር። የእኛ ሯጮችም ለቦሌ መሐንዲሶች ከዚያ ያነሰ ቅርበት የላቸውም።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። የደረት ቀበቶ ልብ በመታች ቁጥር የምታወጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ከቆዳ ላይ ይለቅማል። የአንጓ ሰዓት ግን ኤሌክትሪክ አይሰማም፤ ከጀርባው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል። ደም አረንጓዴን ብርሃን ይውጣል፤ ልብ በመታች ቁጥር ሥሮች በደም ሞላ ይላሉ፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ጥቂት ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ይህን መቀነስና መጨመር ቆጥሮ ትርታ ይለዋል። ችግሩ ሯጩ እጁን ሲያወናጭፍም ብርሃኑ በዚያው ልክ መዋዠቁ ነው፤ ደካማ መሣሪያ የእግርን እርምጃ የልብ ትርታ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ትርጉም የሚሰጠው ቀመር አለ። ከፍተኛው የልብ ትርታ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ይገኛል የሚለው በየቦታው የተሠራጨ ስሌት በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመው ከተለያዩ ቀደምት ጥናቶች ተለቃቅሞ እንደ ሻካራ ግምት ነው፤ ለአንድ ግለሰብ ከአሥር ትርታ በላይ ወዲያ ወይም ወዲህ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱ «ልክህን አልፈሃል» ሲል የሚናገረው ስለ ሯጩ ልብ ሳይሆን ስለ አንድ አማካይ ሰው ነው።

ከፍታን ስንጨምርበት ጉዳዩ ይከብዳል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ አየር አንድ ሯጭ በባሕር ጠረፍ ከሚሮጠው በዝግታ እየሮጠ ያንኑ ያህል ይደክማል፤ ከፍታን ያልቆጠረ ቀመር ይህን አይቶ ብቃቱ የወረደ ነው ብሎ ይፈርድበታል። የደም ኦክስጅንን መጠን ስንመለከት ደግሞ የእኛ ሰዎች አካል ራሱ የተለየ ታሪክ አለው። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ የነዋሪዎቹ አማካይ የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሄሞግሎቢናቸው መጠንም በቆላ ከሚኖር ሰው የራቀ አልነበረም። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፣ የቲቤቶቹ ደግሞ የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ይላል፤ የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች ከሁለቱም ተለይተዋል። እንግዲህ «በዚህ ከፍታ ጤናማው ቁጥር ይህ ነው» የሚል ሠንጠረዥ ከሌላ ተራራ ተቀድቶ ቢመጣ ለማን ይሠራል? የቆዳ ቀለምም አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ከ92 እስከ 96 በመቶ ካሳየላቸው ሕሙማን መካከል፣ እውነተኛው መጠን በአደገኛ ሁኔታ ወርዶ የተገኘው ከጥቁሮቹ ልኬቶች በ11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ በ3.6 በመቶ ላይ ነበር። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት የአንጓ ሰዓቶች የልብ ትርታ ሲቆጥሩ በቆዳ ቀለም የተነሣ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ ስሕተታቸው የጎላው በእንቅስቃሴ ጊዜ ነው። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ የሚያሳዩት፣ የትኛው ቁጥር የት እንደሚሳሳት ሳይለኩ ማወቅ እንደማይቻል ነው።

ይህን መለካት ግን ጊዜ ይፈጃል፤ የቤተሰብ ድርጅት ጥያቄ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። በዚህ ዘርፍ በባለሀብቶች ገንዘብ ተነፍተው የተነሡት ድርጅቶች ዕጣ አስተማሪ ነው። ጆውቦን በ2017 እ.ኤ.አ. ንብረቱ ተጣርቶ ተዘጋ። ፔብል በ2016 መጨረሻ ሥራውን አቁሞ ቅሪቱን ለፊትቢት ሸጠ፤ ፊትቢትም ራሱ በጉግል ተጠቀለለ። እንደ ፖላር ሁሉ የፊንላንድ የሆነው ሱንቶ፣ በ1936 የተመሠረተው አንጋፋ ድርጅት፣ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሮ በ2022 ለቻይና ኩባንያ ተሸጠ። የቆሙትን ብቻ እየጠራሁ የወደቁትን የቤተሰብ ድርጅቶች እንደዘለልኩ የሚሞግተኝ አንባቢ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው፤ ጋርሚንና አፕልም የቤተሰብ ሳይሆኑ ጸንተዋል። እኔ የምለው ግን ቤተሰብ ሁልጊዜ ያሸንፋል አይደለም። ገንዘቡ ትንሽ፣ ገበያው ቀጭን፣ ሥራው ረጅም በሆነበት አገር፣ በሁለት ዓመት ትርፍ ካላየሁ የሚል ባለድርሻ የሌለበት ቤት ብቻ ነው ሠንጠረዡን እስኪሞላ የሚቆየው። በቦሌ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ትዕግሥት እንግዳ አይደለም፤ ኃይሌ ገብረሥላሴና ባለቤቱ ዓለም ጥላሁን ከሩጫ የተገኘን ገንዘብ ወደ ሕንፃና ሆቴል የለወጡት በቤተሰብ ሥራ ነው። ሕንፃ አይከስርም፣ መሣሪያ ግን ነገ ይሽራል የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው። ቢሆንም ሲሚንቶ ማንም ይገዛዋል፤ የአሥር ዓመት ልኬት ግን ከለካው ሰው በቀር ማንም የለውም።

የቤተሰብ ድርጅት የራሱ ደዌ አለው፤ ወንድምና እህት ሲጣሉ ድርጅቱም አብሮ ይፈርሳል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ከሁለት እስከ ሃምሳ አባላት እንዲመሠርቱት ይፈቅዳል፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚያቋቁመው ማኅበርም አለ። ሕጉ የሚጠይቀው ወረቀት ግን ብቻውን አይበቃም። ማን ይወስናል፣ ደመወዝ የሚከፈለው ለማን ነው፣ ለመውጣት የፈለገ ድርሻውን በምን ዋጋ ይተዋል የሚሉት ገና ፍቅር ሳለ ካልተጻፉ፣ በኋላ ሽማግሌ ቢቀመጥም አይገኙም።

ትልቁ ተቃውሞ የዕቃው ነው። ሴንሰሩ፣ ባትሪው፣ ቺፑ ሁሉ ከውጭ ይመጣል፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው ምን እንደሆነ አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል። መገናኛ በየሱቁ የተደረደረውን ርካሽ የቻይና ሰዓት በዋጋ መወዳደር አይታሰብም፤ መሞከርም የለበትም። መገጣጠሙ ይቻላል፤ ቴክኖ ስልክ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ አገር ይገጣጠማል። ግን ገጣጣሚ የሌላውን ዕውቀት በራሱ ብሎን ያስራል እንጂ የራሱን አይሸጥም። የምሥራቅ አዲስ አበባው ቤተሰብ የሚሸጠው ሌላ ነው፦ ለአሠልጣኞች በዚህ ከፍታ የተፈተነ ልኬት፤ የደም ግፊት ላለባቸው ወላጆች ሰዓቱን በአገሩ አቆጣጠር፣ ጠዋትን አንድ ብሎ የሚቆጥርና በአማርኛ የሚያናግር መሣሪያ፤ ሲሰበር ደግሞ በአካባቢው የሚጠገን። የጾም ቀናት ብዛት፣ ለኪዳንና ለቅዳሴ በሌሊት መነሣት፣ የእንቅልፍና የምግብ ስሌቱን ሁሉ ይለውጣሉ፤ ሌሊቱን ለጸሎት የተነሣችን እናት «እንቅልፍሽ ታውኳል» የሚል ሰዓት አላወቃትም።

ልክ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ታማኝነትም ይፈለጋል። መሣሪያው በሽታ እንደሚያገኝ ከተነገረለት የሕክምና መሣሪያ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሄዳል። የሰው የልብ ትርታ የጤና መረጃ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥንቃቄ ከሚሻቸው መረጃዎች ጋር ይመድበዋል። ድርጅቱ ገና ትንሽ ሳለ መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ቢወስን ይሻላል፤ የሯጭ ልኬት ከውድድር በፊት ተቀናቃኝ እጅ ቢገባ የሚጎዳው እንጀራው ነውና።

የመጀመሪያው ምርት የአንጓ ሰዓት ባይሆን እመርጣለሁ። የደረት ቀበቶ ለመሥራት ይቀላል፣ ትርታውንም ከብርሃን ይልቅ በጥራት ይለቅማል። ቀበቶውን የታጠቁና አንጓቸው ላይ ገበያ ላይ ያለውን ሰዓት ሁሉ እየቀያየሩ ያሰሩ ሯጮች በሰንዳፋ ሜዳና በእንጦጦ ዳገት ሁለት ዓመት ቢለኩ፣ ያንን የሚመዘግብ አንድ መሐንዲስ፣ ስታትስቲክስ የምታውቅ እህቱና ሯጮቹን በስማቸው የሚያውቅ አሠልጣኝ አጎት አያት ላይ በአንድ ሳሎን ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ፣ ድርጅቱ ሥራውን ጀምሯል።